ውቤ ፋይሉን ያጸዳ ሰሞን

በታች ጋይንቷ ከተማችን በአርብ ገበያ የፎቶ አንሺውን የውቤ ወልደማርያምን ሱፍ ያልለበሰ ጎልማሳ ካለ፣ ፎቶ ተነሥቶ የማያውቅ ብቻ ነው። እኔም ለብሼዋለሁ። ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ቀይ ከረባት። ሱፉ በሰው ገላ ላይ ሲውል ያየ የለም፤ ያለው በውቤ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ገበሬው ገበያ ውሎ፣ አህያውን በር ላይ አስሮ፣ ጋቢውን እንደተከናነበ ከነጩ መጋረጃ ፊት ይቀመጣል። ውቤ አንድ ጊዜ ብልጭ ያደርግበታል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያ ሰው አንገቱ ከሱፍ ውስጥ ብቅ ብሎ፣ ከኋላው ፏፏቴ እየወረደ፣ መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድር መስሎ ይወጣል። ረጅሙም አጭሩም፣ ወፍራሙም ከሲታውም ትከሻው አንድ ነው።

ውቤ ክፉ ሰው አይደለም። ሙያውን የተማረው ደብረ ታቦር አንድ ዘመዱ ዘንድ ሁለት ወር ተቀምጦ፣ ከጀርባው ቆሞ በማየት ነው። በዓይን የሚታየውን ሁሉ ተማረ፤ የማይታየውን ትቶ መጣ። የማይታየው የፋይል አያያዝ ነበር።

በፎቶሾፕ ሲሠራ እያንዳንዱ ነገር ሌየር በሚሉት ስስ ገጽ ላይ ይቀመጣል። ሰውየው በአንዱ፣ ሱፉ በሌላው፣ ፏፏቴው ከበስተኋላ፣ ጽሑፉ ከሁሉም በላይ። ከየሌየሩ አጠገብ ትንሽ ዓይን አለች፤ ስትነካት ያ ገጽ ይሰወራል፣ ደግመህ ስትነካት ይመለሳል። ጥንቁቅ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ፋይል ይከፍታል፣ ለሌየሮቹ ስም ያወጣል፣ ሲጨርስም ትርፉን ያጠፋል። ውቤ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሠራው በአንድ ፋይል ነው። ሱፉ እዚያ ስለሆነ ሌላ ቦታ መሄድ አላስፈለገውም። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ የቀድሞውን ዓይን ያጠፋና አዲሱን ከላዩ ይደርበዋል። የፋይሉ ስም መጀመሪያ «የመጨረሻ» ነበር፤ ቀጥሎ «የመጨረሻ መጨረሻ»፤ ያኔ የሚሠራበት ደግሞ «የመጨረሻ በቃ 2» ይባል ነበር። በውስጡ ታች ጋይንት በሙሉ፣ ሙሽራው፣ ተመራቂው፣ ሟቹ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተነጥፎ ተኝቷል።

አንዳንድ ጊዜ አንድ ዓይን ሳትጠፋ ትቀራለች። አንዲት ሙሽራ ትከሻ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ እጅ ወጥቶ፣ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ሳምንት ሙሉ እጁን ሲፈልጉ ሰንብተዋል።

ሚስቱ ብርቱካን፣ «ሰው እኮ ቤቱን ይጠርጋል፤ አንተስ ምነው ያንን ጉድ ብትጠርገው?» ትለዋለች።

«የሱን ውስጥ ማን ያየዋል? ሰው የሚያየው የታተመውን ነው» ይላታል።

የታተመውም መጣ። በግንቦት ወር ወይዘሮ ጥሩዬ የባለቤታቸውን የአቶ ጓዴን ሦስተኛ ዓመት መታሰቢያ ሊያደርጉ ትልቅ ባነር አዘዙ። ውቤ ምስሉን አሰናድቶ ደብረ ታቦር ላከ፤ ባነሩ ታትሞ፣ ተጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ መጣ። ዘመድ ጎረቤቱ ጠላውን ይዞ በተቀመጠበት፣ ሁለት ሰዎች ወንበር ላይ ወጥተው ዘረጉት። አቶ ጓዴ በሱፍና በቀይ ከረባት ብቅ አሉ። አንድ የተማረ የወንድም ልጅ፣ ማንበብ ለማይችሉት እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከላይ ጀመረ፦ «አቶ ጓዴ ከዚህ ዓለም ድካም ያረፉበት ሦስተኛ ዓመት።» ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። ልጁ ማንበብ ከጀመረ አያቆምምና የታችኛውንም ቀጠለ፦ «እንኳን ለዚህ ቀን አበቃህ!»

የውቤ ስክሪን የታችኛው ጠርዝ ከደበዘዘ ቆይቷል። የተመራቂ ተማሪ ጽሑፍ ነበር፤ ዓይኗ በርታ ቀርታ አልታየችውም።

በማግስቱ ወይዘሮ ጥሩዬ ባነሩን በብብታቸው ሸጉጠው ፎቶ ቤቱ ገቡ። አብረዋቸው የአቶ ጓዴ ታላቅ ወንድም መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ነበሩ። መሪጌታ እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ገዳም ዜማ የተማሩ፣ አሁን በአንድ የገጠር ደብር የንዋየ ቅድሳቱን መዝገብ የያዙ ሰው ናቸው።

«ውቤ፣ ባሌ ምን በድሎህ ነው?» አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ።

«እትዬ ጥሩዬ፣ ስሕተት ነው፤ ይማሩኝ። ጽሑፉ የሌላ ሰው ነው።»

«የማን?»

«የተመረቀ ልጅ።»

«ጓዴስ ከምን ተመረቀ?»

መሪጌታ ግን አልተቆጡም፤ ነገሩ ገርሟቸው ወደ ኮምፒዩተሩ ቀረቡ። «የሌላ ሰው ጽሑፍ ከወንድሜ ጋር ምን አገናኘው? እስቲ አሳየኝ» አሉት።

ውቤ ፋይሉን ከፈተ። ለመከፈት ራሱ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ከነጸሎተ ማርያሙ የሚያስደግም ጊዜ ፈጀ። በስተቀኝ በኩል የሌየሮቹ ዝርዝር እንደ ሰንሰለት ወረደ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ኮፒ አራት መቶ ሁለት።»

«ይኼኛውስ?»

«ኮፒ አራት መቶ ሦስት።»

«ስማቸው ነው?»

«ኮምፒዩተሩ የሰጣቸው ነው፣ መሪጌታ።»

መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ አዳም ለአራዊቱ እንኳ ስም አውጥቶላቸዋል። አንተ የተጠመቀውን ሰው ሁሉ ኮፒ ትለዋለህ? እኛ ዘንድ አንዲት የዕጣን ጽና ስትገባ ስሟ፣ የሰጠው ሰው፣ የገባችበት ቀን ይጻፋል። ስም የሌለው ዕቃ ወይ የተሰረቀ ነው፣ ወይ ይሰረቃል። እያንዳንዱን በእውነተኛ ስሙ ጥራው። ከየት እንደመጣ ጻፍ። የማይረባውን አስወግድ። ወንድሜን ያኔ ታገኘዋለህ።»

ውቤ እንዲያ አፍሮ አያውቅም። በሩ ላይ «እድሳት ላይ ነን» የሚል ወረቀት ለጥፎ ሳምንት ዘጋ። እኛ ግድግዳ የሚቀባ መስሎን ነበር።

መብራት ሲመጣ እየተቀመጠ፣ ሲሄድ ደጅ ወጥቶ እየተንጎራደደ፣ ከስድስት መቶ በላይ ሌየር አንድ በአንድ እያበራ አየ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ፎልደር ከፈተለት። በመሪጌታ ትእዛዝ ስሙን በእውነት ጻፈ፦ «ሱፍ፣ የማንም ያልሆነ»፣ «ፏፏቴ፣ ከካላንደር የተወሰደ»፣ «እጅ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ»። ሊያጠፋ አንጀቱ እምቢ ያለውን የሚያስቀምጥበት አንድ ፎልደር አበጅቶ «መቃብር» አለው። መሪጌታ በሦስተኛው ቀን ሥራው እንዴት እንደሄደ ሊያዩ ብቅ አሉና ይኼን አነበቡ።

«መቃብር የትንሣኤ ተስፋ ያለው ነው የሚያርፍበት። ይኼ የሚነሣ ነው?»

«አይደለም፣ መሪጌታ።»

«እንግዲያማ አጥፋው።»

አጠፋው። ኮምፒዩተሩ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያቃስት ተከፈተ።

ሁሉም ግን በሰላም አላለፈም። ብርቱካን ምሳ ይዛ በገባች ጊዜ ስክሪኑ ላይ የራሳቸው የሠርግ ፎቶ ነበር። ከአጠገቡ «ብርቱካን፣ ፊቷን ያቀላሁበት» ተብሎ ተጽፏል።

«ምኔን ነው ያቀላኸው?»

«ያኔ የሁሉንም ሙሽራ እንዲያ ነበር የምሠራው።»

«አጥፋልኝ እስቲ ልየው።» ውቤ የሌየሯን ዓይን ነካ። የጠይም ልጃገረድ ፊት ከሥር ብቅ አለ። ብርቱካን ሳህኑን እንደያዘች ብዙ አየችው። «ሰባት ዓመት ሙሉ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልካት ሌላ ሴት ናት ማለት ነው» አለችና ምሳውን ይዛው ወጣች።

የአቶ ጓዴን ዋና ፎቶ ያገኘው በአምስተኛው ቀን ነው፤ ከአንዲት ተመራቂና ከሁለት በግ ሥር። አቶ ጓዴ ለመሬት ደብተር የሚሆን ጉርድ ፎቶ ሊነሡ መጥተው የነበረ ጊዜ ነው። ትከሻው የተተረተረ ኮት ለብሰዋል፣ ጅራፋቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገዋል፣ ብልጭታው አስደንግጧቸው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ይስቃሉ። ከላይኛው ጥርሳቸው አንዷ የለችም። ውቤ ያኔ ኮቱን በሱፍ ሸፍኖ፣ ጅራፉን አጥፍቶ፣ ጥርሷንም ከሌላ ሰው ወስዶ ሞልቷት ነበር።

እንዳለ አትሞ ወይዘሮ ጥሩዬ ቤት ወሰደው። ደጃፉ ላይ ተቀብለው በሁለት እጃቸው ያዙት። ጣታቸውን ጥርሱ በጎደለበት ላይ አሳረፉ።

«በሬያችን ቦራ በቀንዱ መትቶ ነው ያወለቃት» አሉ። «ከዚያ ወዲህ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር። እዚህ ላይ ረስቶት ነው።»

«እትዬ፣ ቅር ካላለዎት ይኼንን...»

«ይኼ ነው እሱ።» ቀና ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን ባለ ሱፉን አዩት። «ያን ሰውዬ እኮ ማን እንደሆነ ሳላውቀው ሦስት ዓመት ሻማ አበራሁለት!»

ሊያለቅሱ ነው ብሎ ሲጠብቅ ሳቁ። ውቤ ግን ሳቁን አልቻለበትም፤ ሲመለስ መንገዱ ላይ ነው እንባው የመጣው። ይኼን ራሱ ነው ያጫወተኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ማንኛውንም ሥራ ስሙን ሳይጽፍ አይዘጋም ነበር። የቀድሞዎቹንም አልተዋቸውም። ከቀድሞዎቹ መካከል የአቶ ምስጋናው ፎቶ አለ።

አቶ ምስጋናው ስሙን የማልጠራው የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናቸው። በዚያው ዓመት በየካቲት የእርከን ሥራ ዘመቻ አውጀው ነበር። ቀኑን ሲወስኑ ካላንደር አላዩም መሰለኝ፣ ዓርብ አደረጉት። አርብ ገበያ በዓርብ ቀን ማን ተራራ ይወጣል? ሰው ሁሉ እህሉንና በጉን ይዞ ወደ ገበያ ሲወርድ፣ ተራራው ላይ አሥራ አንድ ሰውና አንድ አህያ ተገኘ። አህያይቱም ጠፍታ ነው። አቶ ምስጋናው ለሪፖርቱ ፎቶ ያስፈልጋቸው ስለነበር ውቤን «ትንሽ አድምቀው» አሉት። ውቤም አደመቀው። አሥራ አንዱ ሦስት መቶ ሆኑ። እርከኑን ከሌላ አገር ፎቶ አመጣ። ስልክ ያወሩ የነበሩትን አቶ ምስጋናውን ዶማ አስያዛቸው።

በሰኔ የዓመቱ ግምገማ ሲደርስ አቶ ምስጋናው ፍላሽ ይዘው ወደ ፎቶ ቤቱ መጡ። ከላይ እንግዶች እየመጡ ነው፤ ፎቶው በፕሮጀክተር ይታያል።

«ሁለት ዓይነት አለ፣ አቶ ምስጋናው» አላቸው ውቤ። «አንዱ ያለቀለት፣ የተዘጋ ምስል ነው። ሌላው የኔ የሥራ ፋይል ነው።»

«የትኛው ነው ትልቁ?»

«በመጠን የሥራው ፋይል ይበልጣል። ግን ክፍት ነው፤ ውስጡ ይታያል። የተዘጋውን ቢወስዱ ይሻላል።»

«እንግዳ ሲመጣ ትንሹን አቀርባለሁ እንዴ? ትልቁን አድርግልኝ።»

«ክፍት ነው እኮ እያልኩዎት...»

«ክፍት ቢሆን ምን አለበት! ግልጽነት መርሃችን አይደል?»

ሁለት ጊዜ ነግሯቸዋል። ሦስተኛ ጊዜ ኃላፊን መምከር ደግሞ ድፍረት ነው። ፋይሉን በፍላሹ ላይ ጫነላቸው።

በግምገማው ዕለት ውቤ ስብሰባውን ፎቶ ሊያነሣ ተጠርቶ አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ እኔም ከኋላ ተቀምጫለሁ። ከእንግዶቹ አንዷ አዲስዓለም የምትባል የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ናት። ፖስተር የምትሠራ ስለሆነች ላፕቶፕዋ ላይ ፎቶሾፕ አለ። ፍላሹን ተቀብላ ፋይሉን ከፈተችው። ግድግዳው ላይ ሦስት መቶ ሰው ዶማውን አንሥቶ ታየ። አዳራሹ አጨበጨበ። አቶ ምስጋናው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ።

ከዚያ ግን ጭብጨባው ከፊት ወንበሮች ጀምሮ እየሳሳ ሄደ። በምስሉ ቀኝ በኩል፣ በጠራ ፊደል፣ ዝርዝሩ ወጥቶ ነበር።

አዲስዓለም በቅን ልቦና አነበበችው። «‹ሕዝብ፣ እውነተኛው፣ አሥራ አንድ›። ‹ሕዝብ፣ የተባዛ፣ አንድ›። ‹ሕዝብ፣ የተባዛ፣ ሁለት›...» ድምፅዋ እየቀነሰ መጣ። «‹እርከን፣ ከሌላ አገር የመጣ›። ‹ዶማ፣ ለአቶ ምስጋናው›። ‹አህያ፣ እውነተኛ›።»

ማን እንዳዘዛት አላውቅም፣ እጇ ራሱ ይሆናል፤ የተባዛውን ሕዝብ ዓይን ነካች። ሦስት መቶው ሰው እልም አለ። ባዶ ተራራ ላይ አሥራ አንድ ሰዎች ተራርቀው ቆመው ቀሩ። የዶማውን ስትነካ አቶ ምስጋናው ስልካቸውን በጆሯቸው ይዘው ተገኙ።

በዚህ መሀል ከአርሶ አደር ተወካዮች ወንበር አያ እንየው ተነሡ። ከአሥራ አንዱ አንዱ ናቸው።

«እቴ፣ እባክሽ ያንን ሰው መልሽልኝ» አሉ።

መለሰችላቸው። አያ እንየው በከዘራቸው እያመለከቱ ቆጠሩ። «እዚያ ጋ እኔ ነኝ። እዚያም እኔ ነኝ። ከድንጋዩ ሥር ያለውም እኔ ነኝ። አምስት ቦታ ነኝ!» ወገባቸውን ያዙ። «ለካስ አምስት ቦታ ስቆፍር ውዬ ነው እንዲህ ወገቤን የቆረጠኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የእንግዶቹ መሪ ብቻ አልሳቁም፤ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ፣ ጻፉ፣ ጻፉ። ውጤቱ ከሳምንት በኋላ በደብዳቤ መጣ። «የሥራ አፈጻጸም፦ ደካማ። የመረጃ አያያዝ፦ እጅግ በጣም ጥሩ።» አቶ ምስጋናው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ በዚያው ደብዳቤ ሁለተኛ ገጽ ላይ ደግሞ በመረጃ አያያዝ ያላቸውን ልምድ ለሌሎች ጽሕፈት ቤቶች እንዲያካፍሉ ተመደቡ። ሦስት ቀን ሥልጠና ሰጡ አሉ። ምን ብለው እንዳስተማሩ ያየ ሰው አላገኘሁም።

ውቤን ግን አቶ ምስጋናው በግምገማው ማግስት ነበር የመጡበት።

«ስም ጻፍ ብሎ ማን አዘዘህ?»

«መሪጌታ ቀለመ ወርቅ።»

«ቄስ በኮምፒዩተር ምን አገባው?»

«ስም የሌለው ዕቃ ወይ የተሰረቀ ነው ወይ ይሰረቃል ብለው ነው።»

አቶ ምስጋናው ወጡ።

ክረምቱን ሙሉ የፎቶ ቤቱ ደንበኛ ተቀያየረ። ከየመሥሪያ ቤቱ የሚመጡት ገና ከበር «የተዘጋውን ብቻ!» እያሉ ፍላሻቸውን ይዘረጋሉ። ውቤም የተዘጋውን ይሰጣቸዋል፤ ማባዛቱን ግን እምቢ አለ። ብዙዎቹ ተቆጥተው ሥራቸውን ወደ ሌላ ከተማ ወሰዱ። በምትካቸው ባልቴቶች በረከቱ። የወይዘሮ ጥሩዬን ወሬ የሰሙ ከስማዳም፣ ከእስቴም በእግርና በመኪና እየመጡ «የኔንም ባል ሱፉን አውልቅልኝ» ይሉታል። ብርቱካንም ጠይሟን ፎቶ አሳትማ፣ አስጠርዛ፣ የቀላችውን አውርዳ ሰቀለች። የወረደችውን ምን እንዳደረገቻት ውቤ ጠይቆ መልስ አላገኘም።

ዘንድሮ በጥር አቶ ምስጋናው ዘመቻውን እንደገና ጠሩ። የአሁኑ ማክሰኞ ቀን ነው። እውነቱን ለመናገር ሰዉ የወጣው እርከን ናፍቆት አይደለም፤ አያ እንየው አምስት ቦታ የቆሙበትን ተራራ ለማየት ነው። ግን ወጣ። አራት መቶ ሰው ዶማውን፣ አካፋውን፣ ቅርጫቱን ይዞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲቆፍር ዋለ። አቶ ምስጋናው ራሳቸው ኮታቸውን አውልቀው ድንጋይ ሲሸከሙ አይቻለሁ። ውቤ ከማዶ ሆኖ አንድ ጊዜ አነሣ፤ አንድም ነገር አልጨመረም፣ አንድም አልቀነሰም።

በማግስቱ አቶ ምስጋናው መጥተው ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጡ። ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አዩት። በዝርዝሩ ውስጥ አንድ ሌየር ብቻ አለ፤ «ተራራው፣ እንዳለ» ይላል። እጃቸው ውኃ ቋጥሮ ነበር፤ አሻሹት። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ውቤ አስጠጉ።

«ውቤ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ትንሽ ልትቀንስልኝ ትችላለህ? ወደ ስልሳ፣ ሰባ ሰው አውርደው።»

«ለምን ይቀነሳል? እውነት ነው እኮ!»

«አውቃለሁ እውነት እንደሆነ። ግን ማን ያምነኛል?»

ውቤ አልቀነሰም። እንዳለ አትሞ ሰጣቸው፤ የሥራ ፋይሉንም ጨመረላቸው። ከላይ የመጣው መልስ አንድ መስመር ነበር፦ «የፎቶው ትክክለኛነት እንዲጣራ።» እስከዛሬ አጣሪ አልመጣም። እርከኑ ግን የበልጉን ዝናብ ይዟል።